ፕላን በፎቶ ኮፒ

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ወላይታ ሶዶ ላይ የምኖርበትን ቤት ስሠራ ፕላኑን የገዛሁት እንደ ሱሪ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦታው እጄ ከገባ በኋላ ለግንባታ ፈቃድ የተፈረመበትና ማኅተም ያረፈበት ፕላን ያስፈልገኝ ነበር። አንድ ደላላ አገኘሁና "ፕላን ፈልጌ ነበር" አልኩት። "ባለ ስንት መኝታ?" አለኝ። "ባለ ሦስት።" "ሳሎኑ ሰፋ ይበል?" "ቢሰፋ አልጠላም።" "አለ!" ብሎኝ እብስ። ምን ልበላችሁ፣ ቡናዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ ጥቅል ወረቀት በብብቱ ይዞ ከች! ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው፣ ስሜም ተጽፎበታል። ቤት ወስጄ በመስኮቱ ብርሃን ስመለከተው ግን ከእኔ ስም ሥር በነጭ ቀለም የተደለዘ የሌላ ሰው ስም ይነበባል። ያ ሰው ማን እንደሆነ፣ ቤቱንም የት እንደሠራ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ግን ለእሱ በታሰበ ቤት ውስጥ እኖራለሁ።

የዚያ ሰው ቦታ ሜዳ ኖሯል። የእኔ ደግሞ ተዳፋት ነው። ሶዶን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከተማዋ ራሷ የዳሞታ ተራራን ተደግፋ የተቀመጠች ናት፤ ክረምት ሲገባ ውኃው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ መንገድ አይጠይቅም። ወረቀቱ ላይ ተዳፋት የሚባል ነገር ስለሌለ ግንበኛው መሬቱን እንደ ወረቀቱ አደረገው። በላይ በኩል ቆፈርን፣ በታች በኩል ሞላን፣ ሙሌቱ እንዳይናድ ደግሞ የድንጋይ ግንብ አቆምን። የሳሎኑ በር ፊቱን ወደ ሽቅቡ ስላዞረ በመጀመሪያው ሐምሌ ጎርፉ እንደ ክቡር እንግዳ በዋናው በር ገባ። የአንደኛው መኝታ ቤት መስኮት የሚከፈተው ከጎረቤት አጥር ግንብ ላይ ነው። ልጆቼ "አባባ፣ ይኼ መስኮት ምን እንዲያሳየን ነው?" ሲሉኝ መልስ የለኝም።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ጎረቤቴ ያደገ አንድ ልጅ አለ። አዲስ አበባ ልደታ ካለው የሕንፃ ኮሌጅ በአርክቴክትነት ተመርቆ፣ ጥቂት ዓመት እዚያው ተቀጥሮ ከሠራ በኋላ ሶዶ መጥቶ አንዲት ክፍል ተከራየና ቢሮ ከፈተ። እሱ፣ ኮምፒውተር ላይ የምትስል አንዲት ልጅ፣ በትርፍ ሰዓቱ የሚረዳው አንድ መሐንዲስ፤ በቃ ቢሮው ይኸው ነው። ቦታ ማግኘቴን ሲሰማ መጣና "ጋሼ፣ እኔ ልሥራልዎ። ግን መጀመሪያ ቦታውን ዝናብ ሲዘንብ ማየት አለብኝ" አለኝ። ዋጋውን ጠየቅኩት። ነገረኝ። "ለወረቀት?!" አልኩት። ልጁ ጨዋ ስለሆነ ዝም አለ። በኋላ ሒሳቡን ሳሰላው የጠየቀኝ ገንዘብ ለውጭ በሩ ብረት ካወጣሁት ያነሰ ነበር፤ ለሙሌቱና ለግንቡ ከከሰከስኩት ጋርማ ጨርሶ አይወዳደርም። አያ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት እኔ ነኝ።

እኔ የምለው፣ ይቺ "ለወረቀት?" የምትባል ጥያቄ ከየት መጣች? አባቶቻችን እንዲህ አይሉም ነበር።

ልጅ ሆኜ አጎቴ ቤት ሲያሠራ አስታውሳለሁ። የወላይታ የባህል ቤት ክብ ነው፣ ቁመቱም ረጅም ነው፤ ከሩቅ ለሚያየው በሣር የተሠራ ትልቅ ቀፎ ይመስላል። ሰውም ከብትም በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። ከቤቱ ዙሪያ እንሰት፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ንጹህ የሣር መስክ አለ። የከብቱ ፍግ ወጥቶ እንሰቱን ያደልባል፤ መስኩ እንግዳ መቀበያ፣ ልጅ መጫወቻ፣ ሠርግና ለቅሶ መዋያ ነው። ሁሉም ቦታ ቦታውን የያዘው በሐሳብ ነው። የአጎቴን ቤት ሊያቆሙ የመጡት ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እንጨት አልነኩም። ቦታውን ዞሩት። ውኃው በየት እንደሚወርድ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ የጎረቤት በር ወዴት እንደሚያይ ጠየቁ። ከዚያ መሐል ላይ ካስማ ተከሉና ገመድ አሰሩበት፤ ገመዱን ወጥረው ሲዞሩ ክቡ መሬት ላይ ተሣለ። ያ ነበር ፕላኑ።

እንጨቱንና ሣሩን የሰፈሩ ሰው በደቦ አመጣው፤ ሴቶቹ ምግቡን ከዳጣው ጋር አቀረቡ፣ ቦርዴው ተቀዳ። ሽማግሌው ግን ከደቦው ሰው እኩል አልተቆጠሩም። ከፍ ካለው ቦታ ተቀመጡ፣ ቀድሞ ቀረበላቸው፣ ሲሄዱም ባዶ እጃቸውን አልሄዱም። ለጉልበት የሚሆን ዕድሜ አልነበራቸውም። የተከፈላቸው ቦታውን እየዞሩ ላሰቡባት ለዚያች ጠዋት ነው።

የቤት ነገር ከተነሳ ወላይታ የዋዛ አይደለም። ዳሞታ ላይ ሞቼና ቦራጎ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። ተመራማሪዎች ቆፍረው እንዳሳዩት የዛሬ 50 ሺህ ዓመት ገደማ ሰው ይኖርበት ነበር። እነዚያ ሰዎች እንኳ ዝናብ የማይገባበትን ጥግ መርጠው ነው የገቡት። ከእኔ ተሻሉ ማለት ነው!

ወረቀትና ማኅተም ከሌላ አቅጣጫ መጡ። በ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ወላይታን ሲይዝ ንጉሥ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ የወላይታ መንግሥትም አከተመ። ሶዶ የአዲሱ አስተዳደር መቀመጫ ሆና አደገች። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች ገቡ። ከመንግሥት ቢሮው፣ ከሚሲዮኑና ከነጋዴው ጋር ባለ አራት ማዕዘኑ የቆርቆሮ ቤት መጣ። ቆርቆሮ ደግሞ ክብ አይወድም። የሽማግሌው ካስማና ገመድ ሥራ ፈቱ። በቦታቸው አናጢው መጣ፤ አናጢው በቆርቆሮ ብዛት የሚቆጥር ሰው ነው። ባለ ሃያ ቆርቆሮ፣ ባለ አርባ ቆርቆሮ ቤት ማለት ያኔ ተጀመረ። ልብ በሉልኝ፤ ቤት በዕቃ ብዛት መለካት ሲጀምር የሐሳቡ ዋጋ ከሒሳቡ ወጣ።

አዲስ አበባ ውስጥም ቢሆን የቤት ሐሳብ ለረጅም ጊዜ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ጉዳይ ነበር። በምኒልክ ዘመን ሕንዳዊው ወሊ መሐመድና አርመናዊው ሚናስ ከርበኪያን ስመ ጥር ነበሩ፤ ያሠሯቸው ግን ያው ትልልቆቹ ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማቸውን የአፍሪካ መዲና ሊያደርጉ ሲነሱ የግል የንድፍ ቢሮዎች ወርቃማ ዘመን መጣ። ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ከአስመራ መጥቶ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ ነደፈ፤ ግንባታው ወደ 18 ወር ብቻ እንደፈጀ ይነገራል። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃም የእሱ ነው። ፈረንሳዊው ሄንሪ ሾሜት በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር ለፍጻሜ አበቃ፤ ክቡን የንግድ ባንክ ሕንፃም ነደፈ። አዲስ አበባ ላይ የጀመረው ቢሮው በኋላ እስከ ምዕራብ አፍሪካ ድረስ ቅርንጫፍ አወጣ።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚገርመኝ ሦስተኛው ቢሮ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዛልማን ኤናቭ የሚባል ወጣት እስራኤላዊ አርክቴክት አዲስ አበባ መጣና ከኢትዮጵያዊው አርክቴክት ከሚካኤል ቴዎድሮስ ጋር ተሻረከ። አገሬውን የሚያውቅና ከውጭ የመጣ፣ እኩል ስማቸውን በር ላይ ጻፉ። የፍልውሃን መታጠቢያ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሕንፃ፣ የካርታ ሥራ ድርጅትን ሕንፃና ሌሎችንም ነደፉ። ኤናቭ ሥራ ብቻ አልያዘም፤ የሕንፃ ኮሌጁ ውስጥ ያስተምርም ነበር። ይህ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የተቋቋመው ነው፤ የእኛው የሶዶ ልጅ የወጣበት ማለት ነው። ቢሮ ከተማሪ ቤት ጋር ሲዛመድ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ ዛሬ ያስተማርከው ነገ ረዳትህ፣ ከነገ ወዲያ ተፎካካሪህ ይሆናል። ሙያ የሚያድገው እንዲህ ነው።

ነገር ግን ሦስቱም ቢሮዎች አንድ ዓይነት ድክመት ነበረባቸው። እንጀራቸው ከአንድ ሞሶብ ነበር። ደንበኛቸው ንጉሠ ነገሥቱ፣ ሚኒስቴሩ፣ ባንኩ፣ ጥቂት ባለጸጋ ነው። ተራው የከተማ ነዋሪ ቋሚና ማገሩን ተክሎ፣ ጭቃውን ለጥፎ፣ ቆርቆሮውን መትቶ ሲገባ አርክቴክት የሚባል ሰው መኖሩንም አልሰማም። አርክቴክቱም እሱን አልፈለገውም።

ሞሶቡ በ1967 ዓ.ም. ተገለበጠ። ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ ሊኖረው አይችልም ተባለ፤ ለመኖሪያ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የአዋጁ ፍትሕና በደል የሌላ ቀን ጨዋታ ነው። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመው ይኼ ነው፦ የሚያከራይ ቤት የሚያሠራ ከሌለ፣ የግል ፎቅ የሚያቆም ከሌለ፣ የግል አርክቴክትን ማን ይቀጥረዋል? ንድፉ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ገባ። የግል ቢሮዎቹ ተዳከሙ፣ ብዙ ባለሙያም አገር ጥሎ ወጣ። የቤት ሥራ ማኅበራት ሲመጡ አንድ ዓይነት ፕላን ለብዙ ሰው ይታደል ጀመር። ችግሩ በነበረበት ዘመን አማራጭም አልነበረም ይሆናል። እኛ ግን አንድ ነገር ተማርንበት፦ ፕላን ከቢሮ የሚሰጥ ወረቀት ነው፣ ለሁሉም ቦታ ይሆናል። ያ ደላላ "ባለ ስንት መኝታ?" ሲለኝ የዚያን ትምህርት ፈተና እየፈተነኝ ነበር፤ እኔም አልወደቅኩም!

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል አማካሪ ቢሮዎች እንደገና ተከፈቱ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የኮንዶሚኒየም ዘመቻ ሲጀመር ለብዙ ትንንሽ ቢሮዎች ሥራ ተገኘ፤ ይኼም ቢሆን ሞሶቡ ያው የመንግሥት ነበር። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ወጣ። ሕንፃዎችን በምድብ ሀ፣ ለ እና ሐ ከፈላቸው። ባለ አንድ ወለሉ ትንሽ ቤት በ"ሀ"፣ ከዚያ ከፍ ያለው በ"ለ"፣ የሕዝብ መገልገያው፣ ፋብሪካውና ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመው በ"ሐ"። ምድቡ ከፍ ባለ ቁጥር የተመዘገበ ባለሙያ ኃላፊነት ይከብዳል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ስንትና ስንት ሰው ከሚናድ ሕንፃ አድኖ ይሆናል። ግን ሕግ ወረቀት እንድናመጣ ሊያስገድደን ይችላል፤ ሐሳቡን እንድንፈልገው ሊያስገድደን አይችልም። እኛ ብልጦቹ "ሕጉ የሚፈልገው ማኅተሙን ነው" ብለን ማኅተሙን ብቻ መግዛት ጀመርን።

ወደ ሶዶ ልመለስ። የከተማዋ ዕጣ ከመቀመጫነት ጋር የተያያዘ ነው። ወላይታ በ1993 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሲሆን ቢሮዎች መጡ፣ ሠራተኞች መጡ፣ ቤት ፈላጊ በዛ። በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ተማሪና መምህር መጣ፤ የሚከራይ ክፍል ያለው ሁሉ ሌላ ክፍል ቀጠለ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ ሶዶ የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። የክልሉ ቢሮዎች ለአርባ ምንጭ፣ ለዲላ፣ ለጂንካና ለሌሎችም ቢከፋፈሉም የሶዶ መሬት ዋጋ ያን ቀን የሰማ ይመስላል። እንግዲህ የልጁ ቢሮ በሥራ መጥለቅለቅ ነበረበት አይደል?

አንድ ቀን ቢሮው ሄድኩ። ጎርፉ ከገባ በኋላ ነው፤ ይቅርታ ለመጠየቅም ምክር ለመለመንም። ልጁ ሒሳቡን አጫወተኝ። የንድፍ ክፍያ በየደረጃው ነው የሚከፈለው፤ መነሻ ሐሳቡ ሲቀርብ፣ ዝርዝሩ ሲያልቅ፣ መጨረሻም ግንባታውን ሲከታተል። ደንበኛው የመጀመሪያዋን ይከፍላል። ፈቃዱ በወጣ ማግስት ግን ስልክ የሚያነሳ የለም። "ክትትል" የምትባለዋን ክፍያማ ሰዉ እንደ ስድብ ነው የሚያያት፤ "ግንበኛ አለኝኮ!" ይለዋል። የመንግሥት ጨረታ ልግባ ሲል "ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ሥራ የሠራ" ይላል። ተመሳሳይ ሥራ እንዳይሠራ ተመሳሳይ ሥራ አልሠራህም ተብሎ! የፈቃድ ደረጃውን ከፍ ላድርግ ሲል ተጨማሪ ባለሙያ መቅጠር አለበት፤ ተጨማሪ ባለሙያ ለመቅጠር ደግሞ ከፍ ያለ ሥራ ያስፈልገዋል። በዚህ መሐል የቤት ኪራዩ፣ የልጅቷ ደመወዝ፣ ወረቀቱና ቀለሙ አይጠብቁም።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ፈቃዴን በወር እንዳከራየው የጠየቀኝ ሰው አለ። እኔ ምንም አልሠራም። እሱ ፕላኑን ያመጣል፣ እኔ እፈርማለሁ፣ ማኅተም እመታለሁ። የሚሰጠኝ ገንዘብ የቢሮውን ኪራይ ሸፍኖ ይተርፋል። ምን ይሉኛል?"

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ምላሴ ታሰረ። ይህን ልጅ እዚህ ያደረሰው ማን ነው? ያ ፈቃድ ተከራይ ገበያውን ያገኘው ከማን ነው? ከእኔ ነዋ! በነጭ ቀለም የተደለዘ ስም ያለበት ወረቀት ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ "ተው ልጄ፣ ነውር ነው" ልለው ነው?

"አንተ ምን አሰብክ?" አልኩት ለማምለጥ ያህል።

"የማላየውን ቦታ መፈረም ያስፈራኛል" አለ። "የእርስዎ ቦታ ላይ ጎርፍ ነው የገባው። የሌላው ሰው ላይ ግንቡ ቢገባስ? ፊርማው የኔ ነው።"

ከዚያ ቤቴን ሊያይ ተነሳ። ደመናው ከብዶ ነበርና መንገድ ላይ ዝናቡ ያዘን። እኔ ልጠለል ስል እሱ ጃንጥላውን ዘርግቶ ግቢዬ መሐል ቆመ። ዞረ። ውኃው በየት እንደሚመጣ አየ። "ጎረቤትዎ ጋ የሚወርደው በየት በኩል ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ የአጎቴ ቤት፣ ካስማውና ገመዱ፣ እነዚያ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። ልጁ ኮሌጅ አምስት ዓመት የተማረው፣ እሳቸው አንድ ጠዋት ያደረጉትን ነገር ነው፤ እርግጥ እሱ ብረትና ሲሚንቶ ይጨምርበታል።

የነገረኝ መፍትሔ ቀላል ነው። ከላይ በኩል ውኃውን የሚቀበል ቦይ፣ ቦዩ ጎረቤት ላይ እንዳይለቅ እስከ መንገዱ ድረስ መውሰድ፣ ዋናውን በር ወደ ጎን ማዞር። ስለ መስኮቱ ግን "እሱን እንኳ ምንም ማድረግ አልችልም ጋሼ" አለኝ። ዛሬም አጥሩን እያየ ይኖራል።

የዚያን ቀን አንድ ሐሳብ አነሳንና ሁለታችንም ወደድነው። ሰዉ ለወረቀት መክፈል ካልፈለገ፣ ለምን መጀመሪያ ማየቱን አትሸጥም? ፕላን ሳይሠራ፣ ቦታውን መጥቶ ማየትና ምን መደረግ እንዳለበት መናገር ብቻ፤ ዋጋው ትንሽ፣ ክፍያውም እዚያው ቦታው ላይ። ደንበኛው ከወደደ ፕላኑን ያሠራል፣ ካልወደደ ቢያንስ ውኃው በየት እንደሚመጣ አውቆ ይገነባል። ሾሜት ቢሮውን እስከ ምዕራብ አፍሪካ ያደረሰው በትልልቅ ደንበኛ ነው፤ ሶዶ ላይ ትልልቁ ደንበኛ ጥቂት ነው፣ እንደ እኔ ያለ ባለ ተዳፋት ግን ሞልቷል። ትንሽ ቢሮ የሚያድገው ይኼን ሰው ሲያሳምን ነው እላለሁ። መቀመጫ ይዛወራል፣ ዘመቻ ያልቃል፣ አዋጅ ይለወጣል። ቤት ሠሪው ግን ሁልጊዜ አለ።

ልጁ ፈቃዱን አላከራየም። ባለጸጋም አልሆነም። ቢሮው አሁንም ያቺው አንዲት ክፍል ናት፤ ለጊፋታ ቤታቸውን ሊያሳምሩ ወይም አዲስ ሊጀምሩ የሚፈልጉ ሰዎች ግን "መጥተህ እይልን" እያሉ ይጠሩት ጀምረዋል። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ፕላን ያሠራሉ፣ አንዳንዶቹ አያሠሩም። የልጅቷ ደመወዝ ግን በወቅቱ ይከፈላል።

የመጀመሪያው ከፋይ እኔ ነበርኩ። ገንዘቡን ስሰጠው እጄን ዘርግቼ ቆምኩ፤ ለካ ከልማድ ወረቀት እየጠበቅኩ ነው። ልጁ ሳቀና ደረሰኝ ቆረጠልኝ። "የቦታ ምልከታ" ይላል። ከዚያ ከተደለዘው ፕላን ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።